ሠራተኛ ላለማሰናበት የሥራ መጋራት ዕቅድ፦ ምክራችሁን እሻለሁ
በአሜሪካ የአንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ማምረቻ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። ትእዛዝ በመቀዝቀዙ አለቆቼ ሰው እንቀንስ ይላሉ፤ እኔ ግን የመንግሥትን የሥራ መጋራት ፕሮግራም (ሰው ከማሰናበት ይልቅ የሠራተኞችን ሰዓት መቀነስ) እንሞክር ባይ ነኝ። የሳምንቱ ሥራ ከ40 ወደ 32 ሰዓት ቢወርድ፣ ሠራተኛው ከሥራ አጥነት መድን ከሚገባው ሳምንታዊ ክፍያ 20 በመቶውን ያገኛል፤ የጤና መድኑም አይቋረጥበትም። ጥሩ በያጅ አሰናብቶ መልሶ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የቸገረኝ ማመልከቻው ነው። ፕሮግራሙ ባይኖር ስንት ሰው ይሰናበት እንደነበር ገምቱ ይላል፤ ግምቱን በምን ላስደግፈው? በፌዴራል ሕጉ ደግሞ የሰዓት ቅነሳው ከ10 እስከ 60 በመቶ ነው። አንድ ሳምንት ሥራ ጨርሶ ቢጠፋስ? ሠራተኛው ለዚያ ሳምንት መደበኛውን የሥራ አጥነት ክፍያ ይጠይቃል ወይስ ዕቅዱ ይፈርሳል? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ፤ አለቆቼ ውሳኔያቸውን ሊያሳውቁ ተቃርበዋል።