የ1882ቱ የእንግሊዝ የመብራት ፈቃድ ሕግ ኤሌክትሪክን አቀጨጨው ወይስ ሕዝቡን ጠበቀ? (ክርክር)

አወያዩ፦
ለዛሬው ክርክር መነሻ የሆነን አንድ አባላችን ባለፈው ውይይት ማብቂያ ላይ የሰነዘሩት አስተያየት ነው። እንግሊዝ የሕዝብ መብራትን ከቀዳሚዎቹ ጋር ጀምራ ሳለ ከጀርመንና ከአሜሪካ ወደ ኋላ የቀረችው መንግሥት ገና ከጅምሩ በፈቃድ አንቆ ስለያዛት ነው ብለው ነበር። ሁላችንም ከአንድ መነሻ እንድንከራከር የሕጉን ፍሬ ነገር ላስቀምጥ (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1882 በወጣው የኤሌክትሪክ መብራት ሕግ መሠረት በመንገድ ሥር ገመድ ቀብሮ መብራት ለሕዝብ ለመሸጥ የሚፈልግ ኩባንያ ወይ ከንግድ ቦርዱ (ንግድን ከሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ፈቃድ፣ ወይ ፓርላማ የሚያጸድቀው ጊዜያዊ ትእዛዝ ማግኘት ነበረበት። ፈቃዱ የአካባቢውን አስተዳደር ስምምነት የሚጠይቅና ከ7 ዓመት የማይበልጥ ሲሆን፣ ትእዛዙ ግን አስተዳደሩ ባይስማማም ሊሰጥ ይችል ነበር። ትእዛዙ ከተሰጠ 21 ዓመት ሲሞላ አስተዳደሩ ድርጅቱን በግድ የመግዛት መብት ነበረው፤ የሚከፍለውም ንብረቱ በዚያን ጊዜ የሚያወጣውን ዋጋ ብቻ ነው። ለደንበኛ ብዛት፣ ለወደፊት ትርፍም ሆነ ሳይወዱ በግድ ለመሸጥ ካሳ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1888 ሕጉ ተሻሽሎ 21 ዓመቱ ወደ 42 ከፍ አለ። ይህን ይዘን እንቀጥል።

ባለሒሳቡ፦
አስተያየቱን የሰጠሁት እኔ ነኝና ከሒሳቡ ልጀምር። ትእዛዙ በወጣ በ18ኛው ዓመት ማመንጫውን የሚመራውን ሰው አስቡት። ቦይለሩ አርጅቷል፤ ዲናሞውም በአዲስ ዓይነት መተካት አለበት። አዲሱን ቢገዛ ከ3 ዓመት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ መጥቶ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ዋጋ ይወስድበታል፤ ስለዚህ አዲስ አይገዛም፣ አሮጌውን እየጠጋገነ ቀኑን ይቆጥራል። ገንዘቡን የሚያበድረው ሰው ደግሞ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ስለሚያውቅ እስከ 18ኛው ዓመት እንኳ አይጠብቅም፤ ያኔውኑ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያደርጋል። የሆነውም ይኸው ነው። በ1883 በርካታ ጊዜያዊ ትእዛዞች ተሰጡ፤ አብዛኞቹ ግን አንድ ሜትር ገመድ ሳይዘረጋባቸው ጊዜያቸው አለፈ ወይም ተሰረዙ። ዓመቱ 42 ከሆነ በኋላ ግን ኩባንያዎች በለንደን ምዕራባዊ ሰፈሮች እርስ በርስ እስኪጋፉ ድረስ መጡ። ዓመቱን የቀየረ አንድ አንቀጽ ገበያውን እንዲህ ከቀሰቀሰው፣ የቀድሞው አንቀጽ አፍኖት ነበር ማለት ስሕተት አይመስለኝም።

ታሪክ አንባቢዋ፦
ወንድሜ ባለሒሳብ ከ1882 በኋላ የሆነውን ሁሉ የሕጉ ውጤት ማድረግህ አልተዋጠልኝም። ሕጉ ሳይወጣ በፊት የሆነውን ተመልከት። በ1881 መከር ላይ ጎዳልሚንግ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በዌይ ወንዝ ዳር ካለ የቆዳ ፋብሪካ የውኃ መንኮራኩር እየተነዳ የሚመነጭ ኃይል መንገዶቹን ማብራት ጀመረ። መንገድ ለመቆፈር የሚፈቅድ ሕግ ስላልነበረ ገመዱ ከመንገዱ ዳር ባለው የጎርፍ መውረጃ ውስጥ ተጋድሞ ነበር የሚሄደው። በዚያ ከተማ የ21 ዓመት ገደብ የጣለ ማንም አልነበረም፤ ሥራውን ኋላ የተረከበውም እንደ ሲመንስ ያለ ስመ ጥር ድርጅት ነበር። ይሁን እንጂ ደንበኛ ጠፍቶ፣ ወጪውም አልመለስ ብሎ በ1884 ከተማው ወደ ጋዝ መብራት ተመለሰ። የኤዲሰን ሰዎችም በጥር 1882 በለንደን ሆልቦርን ቪያዳክት በሚባለው ድልድይ አጠገብ ማመንጫ ሲከፍቱ ገመዳቸውን ድልድዩ ሥር በነበረው መተላለፊያ ውስጥ አሳልፈው ከቁፋሮ ፈቃድ ጣጣ ተገላገሉ፤ እርሱም በ1886 ተዘጋ።

የገንዘቡን ነገር ካነሣህ ደግሞ በ1882 ጸደይ ብራሽ በተባለው የኤሌክትሪክ መብራት ኩባንያ ዙሪያ የተነሣውን የአክሲዮን ግርግር አትርሳ። ሕጉ ከመጽደቁ አስቀድሞ ሰዎች ያላዩትን ሥራ አክሲዮን በእጥፍ ድርብ ሲገዙ ቆይተው ዋጋው ሲፈርስ ኪሳቸው ተራቁቶ ቀረ። እንዲህ የተቃጠለ ባለገንዘብ በ1883 ወደ መብራት የማይመለሰው የሕግ አንቀጽ አንብቦ ብቻ ነው? በዚያ ላይ የአምፖል ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ኤዲሰንና እንግሊዛዊው የአምፖል ፈልሳፊ ስዋን ባዋሐዱት አንድ ኩባንያ እጅ ስለነበር እስከ 1893 ድረስ አምፖል ውድ ነበር፤ ጋዙ ደግሞ በእንግሊዝ ከሰል ብዛት የተነሣ ርካሽ ነበር። ከ1888 በኋላ ገበያው የተነቃቃውም ዓመቱ ስለረዘመ ብቻ አልነበረም፤ በእነዚያው ዓመታት ትራንስፎርመር ለሥራ በቅቶ ኃይልን ራቅ አድርጎ መላክ ተችሎ ነበርና። አንቀጹ ጉዳት አላደረሰም አልልም፤ ብቸኛ ጥፋተኛ መደረጉን ግን አልቀበልም።

የሕግ ባለሙያዋ፦
የዓመቱ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በ1870 ለከተማ ትራም የወጣው ሕግም ከ21 ዓመት በኋላ በተመሳሳይ ዋጋ መግዛትን ይፈቅድ ነበር፤ መብራቱ የተቀዳው ከዚያ ነው። ሕጉን ያቀረቡት የንግድ ቦርዱ ሹም ጆሴፍ ቻምበርሌይን ደግሞ የበርሚንግሃም ከንቲባ ሳሉ፣ በ1875፣ የከተማዋን የጋዝ ኩባንያዎች ገዝተው የማዘጋጃ ቤት ንብረት ያደረጉ ሰው ናቸው። ያ ትውልድ የጋዝና የውኃ ኩባንያዎች ከተማን ተከፋፍለው፣ የሕዝብን መንገድ እየቆፈሩ፣ ከተተከሉ በኋላ ግን ካልተጋነነ ዋጋ በቀር ንቅንቅ እንደማይሉ በዓይኑ ያየ ነው። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ የሕዝብን መንገድ ቆፍሮ የሚጠቀም ሰው ጊዜው የተወሰነ መብት ቢሰጠው ምን ነውር አለው?

ደግሞም ስለ መግዣው አንቀጽ ብቻ ስታወሩ ሌላው የሕጉ ክፍል ተረሳ። ኩባንያው በአንድ ሰፈር ለግል ቤቶች መብራት መስጠት ከጀመረ በዚያ ሰፈር ያለ ሌላ ነዋሪም ሲጠይቀው በእኩል ሁኔታ የመስጠት ግዴታ ነበረበት፤ አንዱን ደንበኛ ካንዱ ማበላለጥም አይችልም። የባለሀብቱን ቤት አብርቶ ጎረቤቱን የልብስ ሰፊ ቤት በጨለማ መተው በሕግ የተከለከለው ያኔ ነው። ይህ ያለ ፈቃድ ሥርዓት ከየት ይመጣ ነበር?

የመስመር መሐንዲሱ፦
ሁላችሁም ስለ ዓመት ትከራከራላችሁ፤ የእኔ ክስ ግን በካርታው ላይ ነው። ፈቃዱ ለስንት ዓመት ተሰጠ ከሚለው ይልቅ ለየትኛው ክልል ተሰጠ የሚለው ለ50 ዓመት ዘለቄታ ያለው ጉዳት አድርሷል። የፈቃዱ ወሰን የቤተ ክርስቲያን አጥቢያንና የአካባቢ አስተዳደርን ድንበር ተከትሎ የተሠመረ ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን አጥቢያ አያውቅም።

ሕጉ ቁፋሮን እንጂ በጣሪያ ላይ የሚያልፍ ሽቦን በቅጡ ስላልገዛ፣ በለንደን የግሮቭነር ጋለሪ ማመንጫ በ1880ዎቹ አጋማሽ ከጣሪያ ጣሪያ ሽቦ እየዘረጋ ከአንድ አጥቢያ ወደ ሌላው ያለ ትእዛዝ ተስፋፋ። በመሐንዲስ ዓይን ሽቦው መልኩ የማያምርና አደገኛም ነበር፤ ነገር ግን በወቅቱ በከተማዋ ሰፊ አገልግሎት የሰጠው ፈቃድ ያላሰረው ሥራ መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያ የወጣው ወጣቱ መሐንዲስ ፌራንቲ ደግሞ በቴምዝ ዳር በዴፕትፎርድ፣ ከሰል በመርከብ በሚደርስበት ቦታ፣ ትልቅ ማመንጫ ሠርቶ በ10,000 ቮልት ለመሐል ለንደን ለመላክ ተነሣ። ዛሬ እኛ የምንሠራው ሥራ መሠረቱ ይኸው ሐሳብ ነው። በ1889 ሻለቃ ማሪንዲን የመሩት የንግድ ቦርዱ ምርመራ ግን ለንደንን በየሰፈሩ አከፋፈለው፤ በአንድ ሰፈር አንድ የኤሲ (ተለዋዋጭ ፍሰት) እና አንድ የዲሲ (ቀጥተኛ ፍሰት) አቅራቢ ይወዳደሩ የሚል ዝንባሌ ስለያዘም የፌራንቲ ኩባንያ ክልል ካሰበው እጅግ ጠበበ። እርግጥ ዴፕትፎርድ የራሱ የቴክኒክ ችግሮች ነበሩበት፤ ሁሉንም በምርመራው ላይ አላላክክም።

ውጤቱን በቁጥር ልንገራችሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ገደማ በሰፊው ለንደን 70 ያህል አቅራቢዎች፣ 50 ዓይነት የአቅርቦት ሥርዓቶች፣ 10 የተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች (ተለዋዋጭ ፍሰት በሰከንድ ስንቴ እንደሚመላለስ የሚለካበት፣ በኸርዝ) እና 24 የተለያዩ ቮልቴጆች ነበሩ። ቤት የቀየረ ሰው ሞተሩንም አምፖሉንም አብሮ ሊቀይር ይችል ነበር ማለት ነው። በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ዙሪያ ግን መሐንዲሱ ቻርልስ መርዝ ሰፊ ክልልን በአንድ 40 ኸርዝ ሥርዓት አያይዞ ለመርከብ ሠሪዎችና ለማዕድን ማውጫዎች በርካሽ ኃይል ሲሸጥ ነበር። አገሩ አንድ፣ ሕጉም አንድ ነው፤ የለየው የክልሉ ስፋት ነው። ባለሒሳብ፣ የአንተ 21 ዓመት ኒውካስልን ከለንደን አይለይልህም።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ጋሼ፣ በካርታው ላይ ያቀረቡት ክስ ጠንካራ ነው፤ ግን ለማን ይሰጥ ነበር? የለንደን አውራጃ ምክር ቤት ራሱ ሥራ የጀመረው በ1889 ነው። በ1882 ፓርላማ ለመላው ለንደን የሚሆን ፈቃድ ልስጥ ቢል፣ በሕዝብ ስም ተቆጣጥሮ ኋላም የሚገዛ፣ መላው ከተማዋ በቀጥታ የመረጠችው አስተዳደር አልነበረም፤ ያለ ተቆጣጣሪ የሚሰጥ ሰፊ ክልል ደግሞ ለአንድ ኩባንያ ዋና ከተማ ማስረከብ ነው።

የመስመር መሐንዲሱ፦
ቢያንስ ቮልቴጁንና ፍሪኩዌንሲውን አንድ ማድረግ ግን የተመረጠ ምክር ቤት አይጠይቅም ነበር። የንግድ ቦርዱ ኋላ ስለ ደኅንነት ደንብ ሲያወጣ፣ አቅራቢዎቹ ቢያንስ አንድ ቀን እርስ በርስ ሊያያዙ በሚችሉበት መልክ ይሥሩ ብሎ አንድ ሐረግ አልጨመረም።

የገጠር መብራት ሠራተኛው፦
እኔ ወደ ክርክሩ የገባሁት ነገሩ ለእኛ የዱሮ ታሪክ ብቻ ስላልሆነ ነው። በ2019 የወጣው የአገራችን የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ ባሉ መፍትሔዎች ለመድረስ አቅዶ ነበር፤ በ2020 ደግሞ ስለ አነስተኛ የአካባቢ መስመሮች መመሪያ ወጥቷል። በልጅነቴ ባደግሁባት ከተማ አንድ ነጋዴ በናፍጣ ሞተር ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት መብራት ይሸጥ ነበር፤ ቆጣሪ ስላልነበረ ሒሳቡ በአምፖል ቁጥር ነው፣ ሽቦውም በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ እየተንጠላጠለ ነበር የሚሄደው። ዋናው መስመር ሲገባ ከነጋዴው ዕቃ ለአዲሱ መስመር የሚጠቅም አንድም ነገር አልተገኘም፤ ምሰሶው ሁሉ ተነቅሎ አዲስ ተተከለ። ዛሬ በሶላር ለአንድ ቀበሌ መብራት ላቅርብ የሚል ኩባንያም መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋናው መስመር የመጣ ቀን ምን እሆናለሁ ብሎ ነው። ያ ጥያቄ የባለሒሳቡ የ18ኛ ዓመት ሥራ አስኪያጅ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ግማሹ ከጋሽ መሐንዲስ ዘንድ ያለ ይመስለኛል። ምሰሶውና ገመዱ ከመጀመሪያው በዋናው መስመር ደረጃ ከተሠራ የሚገዛው ንብረት ይኖራል፤ ካልተሠራ ግን በስንት ዓመት ይገዛ የሚለው ክርክር ባዶ ነው።

ባለሒሳቡ፦
ይህን እቀበላለሁ፤ ጭማሪ ወጪውን ማን ይሸከማል የሚለው ግን ይቀራል። በዋናው መስመር ደረጃ የተሠራ ምሰሶ ለ200 አባወራ ብቻ ሲሆን ታሪፉን ያንረዋል፤ ገበሬው በዚያ ዋጋ አይገዛም። ስለዚህ ፈቃዱ ደረጃውን ካስገደደ፣ የመግዣ ዋጋውንም በዚያው ፈቃድ ላይ መጻፍ አለበት፤ ያረጀ ዕቃ በሚያወጣው ሳይሆን ወጪ ከተደረገው ላይ እርጅናው ተቀንሶ። በርሊን ከ1884 ጀምሮ ለአንድ ኩባንያ በውል መንገዷን ስትሰጥ ከገቢው ድርሻ እየወሰደች ቆይታ በ1915 ድርጅቱን ገዛችው፤ ኩባንያውም በመካከሉ ማስፋፋቱን አላቆመም።

ታሪክ አንባቢዋ፦
በእንግሊዝ ነገሩ እንዴት እንደተቋጨም ይታይ። የ1926ቱ ሕግ ባለፈቃዶቹን አላጠፋቸውም፤ አዲሱ ማዕከላዊ ቦርድ በ132 ኪሎ ቮልት መስመር የተመረጡ ማመንጫዎችን አያያዘ፣ ፍሪኩዌንሲውንም 50 ኸርዝ አደረገ፤ ማከፋፈሉ ግን ከ500 በላይ በሆኑ ማዘጋጃ ቤቶችና ኩባንያዎች እጅ እስከ 1948 ቆየ። ሁሉም ወደ መንግሥት ሲዞር ባለአክሲዮኖች በአክሲዮን ገበያ ዋጋ ተሰላላቸው፤ ለማዘጋጃ ቤቶች ግን በዋናነት ያልተከፈለ ብድራቸው ነው የተሸፈነላቸው። በ1882 ርካሽ የመግዣ መብት የተሰጣቸው ማዘጋጃ ቤቶች በመጨረሻ ከኩባንያዎቹ ባነሰ ዋጋ ተነጠቁ።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ተነጠቁ የሚለው አይስማማኝም። የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ድሮውንም የሕዝብ ነበር፤ ከአንድ የሕዝብ መዝገብ ወደ ሌላ የሕዝብ መዝገብ ለተዛወረ ንብረት የገበያ ዋጋ ይከፈል ቢባል ከፋዩም ያው መብራት ተጠቃሚ ነው። የሚያከራክረው፣ ዕዳውን ቀድሞ ከፍሎ የጨረሰ ቆጣቢ ከተማ ተበድሮ ከቆየው ጎረቤቱ ያነሰ ማግኘቱ ነው፤ ለዚያ ለእኔም መልስ የለኝም።