ፎልደሮቹን ካዛወርኩ በኋላ ላይትሩም ፎቶዎቼን አጣቸው፤ ኤዲቱ ሳይጠፋ እንዴት ልመልሳቸው?

ፎቶ_ሰብሳቢዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ላይትሩም ክላሲክ (የፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ፕሮግራም) እጠቀማለሁ። ወደ 40,000 የሚጠጉ ፎቶዎች አሉኝ፣ አብዛኞቹ ሮው (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ናቸው። ውጫዊው ሃርድ ዲስክ ስለሞላ ሁሉንም በፋይል ኤክስፕሎረር ወደ አዲስና ሰፊ ዲስክ ገለበጥኩ። በዚያው እግረ መንገዴን የተዝረከረኩትን ፎልደሮች በየዓመታቸው ሰብስቤ ትናንሾቹን አንድ ላይ አዋሃድኳቸው። አሁን ላይትሩም ስከፍት ፎልደሮቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይዘዋል፣ ፎቶዎቹ ላይ ቃለ አጋኖ አለ፣ ዴቨሎፕ (ማስተካከያው ክፍል) ውስጥ ስላይደሮቹ አይንቀሳቀሱም።

እንደ አዲስ ኢምፖርት ባደርግ (ፎቶዎቹን ወደ ላይትሩም ባስገባ) ኤዲቱ ይመለሳል? ብዙ ፎቶ ሁለት ሦስት ቦታ ተደግሟል፣ እሱንስ እንዴት ላጥራ? ደግሞ ከዚህ በኋላ ፎልደሩን በቀን ላድርገው ወይስ በርዕስ?

ካታሎግ_ጠባቂ

ኢምፖርት የሚለውን እንዳትነኪ። ኤዲቱ አልጠፋም። ካታሎጉ (የላይትሩም መዝገብ) የሚይዘው ፎቶውን ሳይሆን አድራሻውን ነው፦ የድራይቭ ፊደል፣ ፎልደር፣ የፋይል ስም። ኤዲቱ፣ ኮከቡና ኪወርዱ (መለያ ቃሉ) የተመዘገቡት በዚያ አድራሻ ሥር ነው። ፋይሉን ከላይትሩም ውጭ ስታንቀሳቅሺው አድራሻው ባዶ ሆነ እንጂ መዝገቡ እንዳለ ነው። እንደገና ኢምፖርት ብታደርጊ፣ ድግግሞሽ የሚያስቀረው ምርጫ ካልበራ፣ ያው ፎቶ በሌላ አድራሻ ያለ ኤዲት ይገባል፤ 40,000 የነበረው 80,000 ይሆንና ግማሹ ፋይል የሌለው ኤዲት፣ ግማሹ ኤዲት የሌለው ፋይል ይሆንብሻል።

መጀመሪያ ላይትሩምን ዝጊና ካታሎጉን ሌላ ቦታ ገልብጪ። ከ2021 ወዲህ ባሉት ስሪቶች ፋይሉ ሁለት ነው፤ መጨረሻው ኤልአርካት የሆነውና ኤልአርካት-ዳታ የሆነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ በኋላ አውቶማቲክ ማስኮቹ (ፕሮግራሙ ራሱ ለይቶ የመረጣቸው የፎቶ ክፍሎች) የት ገቡ ይላል፤ ያሉት ሁለተኛው ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት ሳለ አትገልብጪ፣ ጅምር ጽሑፍ ይኖራል።

ከዚያ ላይብረሪ ውስጥ በግራ በኩል ካለው የፎልደሮች ዝርዝር የላይኛውን በቀኝ ቁልፍ ተጫኚና «ሾው ፓረንት ፎልደር» በይ። ይህ እናት ፎልደሩን ያወጣልሻል። አሁን እናትየዋን በቀኝ ቁልፍ ተጫንሽ፣ «ፋይንድ ሚሲንግ ፎልደር» ብለሽ አዲሱ ዲስክ ላይ ያለችበትን ታሳያለሽ። ውስጧ ያሉት ልጆች ስማቸውና አቀማመጣቸው ካልተቀየረ ሁሉም ተከትለው ይመጣሉ፤ አንድ በአንድ መልፋት የለም። ያዋሃድሻቸው ግን አይመጡም። ለእነሱ አንዱን ፎቶ ከፍተሽ ቃለ አጋኖውን ጫኚ፣ «ሎኬት» በይና «ፋይንድ ኒርባይ ሚሲንግ ፎቶስ» የሚለው ምልክት እንደተደረገበት አረጋግጪ፤ እዚያው ፎልደር ያሉትን ጎረቤቶቹንም ያገናኛል።

አንድ ነገር ብቻ፦ «ሲንክሮናይዝ ፎልደር» የሚለውን ለዚህ ሥራ አትጠቀሚበት። መስኮቱ ላይ «ሪሙቭ ሚሲንግ ፎቶስ ፍሮም ካታሎግ» የሚል ሳጥን አለ። እሱ ምልክት ተደርጎበት ከተጫነ የጠፉትን ያገናኘ መስሎሽ ከነኤዲታቸው ከመዝገቡ ይፍቃቸዋል።

ሮው_ብቻ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ፦ አሮጌው ዲስክ እንዳለ ነው? ካለ አትንኪው፣ ፎርማት እንዳታደርጊው። ያንቺ ችግር አድራሻ ብቻ አይደለም፣ «አዋሃድኳቸው» ያልሽው ነው ያሳሰበኝ።

አብዛኞቹ ካሜራዎች የፋይል ቁጥር 9999 ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳሉ። ስለዚህ በመጋቢት የተነሳና በኅዳር የተነሳ ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች አንድ ዓይነት ስም ሊኖራቸው ይችላል። ሁለቱን ፎልደር አንድ ላይ ስትጨምሪ ኤክስፕሎረር «ሪፕሌስ ወይስ ስኪፕ» ብሎ ይጠይቃል። ሪፕሌስ ካልሽ አንዱ ተደምስሷል፣ ስኪፕ ካልሽ አንዱ አልተገለበጠም፣ ሁለቱንም አስቀምጥ ካልሽ ስሙ ላይ ቅንፍ ውስጥ 2 ተጨምሮበታል፤ ስሙ ስለተቀየረም ላይትሩም አያውቀውም። ሦስቱም መልስ ችግር ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን አዲሱ ዲስክ ላይ ያደራጀሽውን ወደ ጎን አድርጌ፣ አሮጌውን ዲስክ ፎልደሩን ሳልነካ እንደገና ሙሉ በሙሉ እገለብጠዋለሁ። ሲያልቅ በሁለቱም ዲስክ ያሉትን የተገለበጡትን ፎልደሮች መርጠሽ «ፕሮፐርቲስ» ከፍተሽ የፋይል ብዛቱና የባይት መጠኑ እኩል መሆኑን እይ፤ አንድ ፋይል እንኳ ቢጎድል ቁጥሩ ይናገራል። ከዚያ አሮጌውን ንቀይ፣ «ዲስክ ማኔጅመንት» ክፈቺ፣ አዲሱን ዲስክ በቀኝ ቁልፍ ተጭነሽ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር» በሚለው የአሮጌውን ፊደል ስጪው። ላይትሩም ስትከፍቺ የጥያቄ ምልክቱ በሙሉ ይጠፋል፤ አድራሻው ቃል በቃል አንድ ሆኗልና ምንም ማገናኘት አያስፈልግም። በዓመት ማደራጀቱን ከዚያ በኋላ እዚያው ላይትሩም ውስጥ ፎልደሩን በመጎተት አድርጊው። ስም ከተጋጨ እምቢ ይልሻል እንጂ አይደመስስም።

ፎቶ_ሰብሳቢዋ

እግዜር ይስጥልኝ። አሮጌው ዲስክ አለ፣ አልነካሁትም። ሪፕሌስ ያልኩበት ጊዜ እንዳለ አሁን ነው ትዝ ያለኝ፣ ደንግጫለሁ። ዛሬ ማታ መገልበጥ እጀምራለሁ። ካደራጀሁ በኋላ የገባ አዲስ ፎቶ የለም፣ ስለዚህ የተዋሃደውን ባጠፋው ችግር የለውም አይደል?

ሮው_ብቻ

የለውም፤ ግን ቁጥሩ እኩል መሆኑን አይተሽ፣ ላይትሩምም ሁሉንም አግኝቶ («ላይብረሪ» ሜኑ ውስጥ «ፋይንድ ኦል ሚሲንግ ፎቶስ» ባዶ ሲያሳይሽ) ከዚያ በኋላ አጥፊው። ቦታ የሚበቃ ከሆነ ጥቂት ሳምንት ይቀመጥ።

ዳታ_አስተካካይ

ስለተደጋገሙት ልጨምር። ላይትሩም ኢምፖርት ሲደረግ ብቻ የሚሠራ መከላከያ አለው፤ የመጀመሪያውን የፋይል ስም፣ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ የፋይሉን መጠን ያወዳድራል። ሦስቱ ከገጠሙና ምርጫው ከበራ «ተጠርጣሪ ድግግሞሽ» ብሎ ያስቀረዋል። ቀድሞ የገባውን ግን አይነካም።

ለገቡት፣ «ኦል ፎቶግራፍስ» ላይ ሆነሽ በ«ካፕቸር ታይም» ደርድሪ፤ ድግግሞሾቹ ጎን ለጎን ይወድቃሉ። በሰከንዱ ብቻ አትፍረጂ፣ በተከታታይ የተነሱ ፎቶዎችም አንድ ሰከንድ ሊጋሩ ይችላሉ። ሮውና ጄፔግ አብረው የተነሱ ከሆነም ድግግሞሽ አይደሉም። ከሁለቱ ኤዲት ያለው የቱ እንደሆነ ከትንሿ ምስል ሥር ባለው ምልክት ታውቂዋለሽ፤ የሌለውን «ኤክስ» ብለሽ ውድቅ አድርጊ። በመጨረሻ ኮንትሮልና ባክስፔስ አንድ ላይ ስትጫኚ ውድቅ ያልሻቸውን ይሰበስብና ሁለት ምርጫ ይሰጥሻል፦ «ሪሙቭ» ከመዝገብ ብቻ ያወጣል፣ «ዲሊት ፍሮም ዲስክ» ፋይሉንም ያጠፋል። ቦታ ማስለቀቅ የፈለገ ሰው ሪሙቭ ብሎ ዲስኩ ለምን እንዳልቀለለ ሲገርመው ይኖራል። ኮሌክሽን (ፋይሉ ሳይንቀሳቀስ ፎቶዎች የሚሰበሰቡበት ዝርዝር) ውስጥ ሆነሽ ደግሞ ዲሊት ብትጫኚ ከኮሌክሽኑ ብቻ ነው የሚወጣው።

ድግግሞሹ በሺህ የሚቆጠር ከሆነ ዲጂካም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በምስል መመሳሰል ይፈልጋል። እሱን ለማየት ብቻ ተጠቀሚበት፤ እዚያ ካጠፋሽ ቃለ አጋኖው ተመልሶ ይመጣል።

ካታሎግ_ጠባቂ

ቀን ወይስ ርዕስ ላልሽው፦ ቀን። አንድ ፎቶ ርዕሱ ሦስት ሊሆን ይችላል፣ የተነሳበት ቀን ግን አንድ ነው። ዓመት፣ ከሥሩ ዓመት-ወር-ቀን፤ ለምሳሌ 2024፣ ከሥሩ 2024-03-17። ወሩን በሁለት አኃዝ ካልጻፍሽ 10 ከ2 ቀድሞ ሊሰለፍ ይችላል። ርዕሱን ለኪወርድና ለኮሌክሽን ተዪለት። ኢምፖርት ሲደረግ ስሙም በቀንና በሰዓት ይቀየር፣ የ9999 ጣጣ በዚያው ያልቃል።

ሮው_ብቻ

በዚህ አልስማማም፤ ማለቴ በግማሹ። ቀን ብቻ የሆነ ፎልደር ነገ ላይትሩም ያቆመ ሰው ምንም አይነግረውም። 2024-03-17 ብለሽ ከጎኑ ሁለት ቃል ጨምሪ፣ «ምርቃት» ወይም «ተራራ ጉዞ»። አሰላለፉ አይበላሽም።

ዳታ_አስተካካይ

ኪወርድ በአማርኛ ለምትጽፉ፦ ፕሮግራሙ «ሠርግ»ን እና «ሰርግ»ን ሁለት ቃል አድርጎ ነው የሚቆጥረው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ሦስት ይሆናሉ፤ አንዱን ብትፈልጊ የሁለቱ ፎቶ አይወጣም። አንዱን አጻጻፍ ወስኚና ከዝርዝሩ እየመረጥሽ ስጪ፣ በእጅ አትጻፊ። የተዘበራረቀውን ለማዋሃድ የተሳሳተው ኪወርድ ላይ ጠቋሚውን ስታደርጊ ከቁጥሩ አጠገብ ቀስት ይወጣል፤ እሱን ስትጫኚ የዚያ ኪወርድ ፎቶዎች ብቻ ይቀራሉ። ሁሉንም ምረጪ፣ ከትክክለኛው ኪወርድ ፊት ያለውን ሳጥን ምልክት አድርጊ፣ የተሳሳተውን አጥፊ። አንዱን ሌላው ላይ መጎተት አያዋህድም፣ ሥሩ ያስገባዋል እንጂ።

ሁሉም ሲስተካከል ሁሉንም መርጠሽ ኮንትሮልና ኤስ ተጫኚ። ኤዲትና ኪወርዱ ከሮው ፋይሉ ጎን በኤክስኤምፒ ፋይል ይጻፋል፣ ለጄፔግ ደግሞ እዚያው ፋይሉ ውስጥ። ካታሎጉ ቢበላሽ እንኳ ብዙው ይተርፋል፤ ኮሌክሽንና ቨርቹዋል ኮፒ (ፋይሉ ሳይባዛ የሚሠራ ሌላ የኤዲት ቅጂ) ግን ከካታሎጉ በቀር የትም አይጻፉም። ላይትሩም ሲዘጋ የሚሠራው ባክአፕም ካልቀየርሽው የሚቀመጠው ካታሎጉ ባለበት ዲስክ ላይ ነው፣ ፎቶም አይጨምርም። የሚዘጋበት መስኮት ላይ ሌላ ዲስክ ምረጪለት።