ለደብል ጋቢና ቤዝ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ማን ይሥራው?

ሂሉክስ ወይም ዲማክስ ደብል ጋቢና ይዛችሁ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር ከነሳጥኑ) ማስገባት ለፈለጋችሁ የኔ ጥቆማ ይሄ ነው። የስፒከሩን ሳጥን ከመኪና ዲኮር ቤት አትግዙ፣ እንጨት ቤት አሠሩት። የኤሌክትሪክ ገመዱን ደግሞ ለመኪና ኤሌክትሪሺያን ስጡ።

ዲኮር ቤት ተሠርቶ የሚሸጠው ሳጥን አብዛኛው ለአውቶሞቢል የኋላ ኮፈን የታሰበ ነው። ፒክአፕ ላይ ያለን ቦታ የኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ ክሪኩ ይሻማዋል። ትልቁን ሳጥን መቀመጫ ላይ አስቀምጠው የሚነዱ አሉ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ሹፌሩ ጀርባ የሚመጣው እሱ ነው። እባካችሁ፣ የትኛውም ሳጥን በብሎን ይታሰር።

አናጢው ጋር ልኩን ይዛችሁ ሂዱ። መቀመጫውን አንሱና ቦታውን በሜትር ለኩ። ቀጭን ባለ 10 ኢንች ስፒከር ብዙውን ጊዜ 20 ሊትር አካባቢ ዝግ ሳጥን ይበቃዋል፤ አብሮት የሚመጣው ወረቀት ላይ አረጋግጡ። ውስጡ 60 በ30 በ11 ሴንቲ የሆነ ሳጥን 19.8 ሊትር ይይዛል። በ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ሲሠራ ግን የውጭ ልኩ በርዝመትም በስፋትም በከፍታም 3.6 ሴንቲ ይጨምራል። አናጢው ይቺን ከረሳ ሳጥኑ መቀመጫው ሥር አይገባም።

ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ የተጨመቀ ጣውላ) ከተባላችሁ እምቢ በሉ። በደሴ ክረምት ከጫማ ጋር የሚገባው ውሃ ያሳብጠውና ብሎን አልይዝ ይላል። ኤምዲኤፍም ውሃ አይወድም፣ ከሥሩ ቀለም ይቀባ። ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ጣውላ) ካገኛችሁ ደግሞ ይቀላል፣ እርጥበትም ይችላል። መገጣጠሚያው በኮላ ከተያያዘ በኋላ ከውስጥ ሲሊኮን ይዙርበት።

ስትረከቡ ስፒከሩን አስገጥሙና መሃሉን በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ዝግ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ወዲያው ዘሎ ከተመለሰ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ሳይደፈን ሂሳብ አትክፈሉ።

ለእንጨቱ ደሴ ይሻለኛል፣ ምርጫው ሰፊ ነው። ለኤሌክትሪኩ ግን ኮምቦልቻን እመርጣለሁ። ከጭነት መኪና ጋር የሚውሉ ልጆች ስላሉ በወፍራም ገመድ አይቀልዱም። ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ። ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ አይራቅ፤ ገመዱ የሆነ ቦታ ቢላጥና ቦዲ ቢነካ እሳት የሚከለክለው እሱ ነው። ቦዲ ላይ የሚታሰረው ገመድ ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ ይታሰር። ኮምቦልቻ የምትውሉ ከሆነ ሙቀቱ ስላለ አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ምንጣፍ ሥር አትቅበሩት።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ይቅርብኝ ለሚል አምፑ አብሮት ያለ የመቀመጫ ሥር ቤዝ አለ። የፓዮኒር ቲኤስ-ደብሊውኤክስ130 ዓይነቱ ቁመቱ 7 ሴንቲ ገደማ ነው። ደረት አይመታም፣ ግን ዘፈኑን ይሞላዋል፤ ቤተሰብ ለሚጭን ሰው የምመክረው እሱን ነው። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ተዉት። አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚችለው ዋት) የሚለውን ፈልጉ፤ እሱ ካልተጻፈበት ሌላ ሱቅ እዩ።