ጡረታ ቻፓላ ሐይቅ ዳር፦ የኖረበት ሰው አለ?

የቀሃው

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ለእናቴ ሙት ዓመት መጥቼ እህቴ ቤት፣ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ነኝ። ኑሮዬ ግን አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ኦሮራ ነው። የከተማ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ አሁን ጡረታዬ ደርሷል። በጡረታ ገንዘብ ብቻ እዚያ መኖር ደግሞ ከባድ ነው። የቤት ኪራዩ ብቻ ግማሹን ይውጠዋል።

ባለቤቴ ከሥራ ባልደረቦቿ ስለ ቻፓላ ሰምታ መጣች። ሜክሲኮ ውስጥ፣ ሃሊስኮ በሚባለው ግዛት ነው። የአገሩ ትልቁ ሐይቅ ነው። ሰሜናዊው ዳርቻ ላይ ብዙ የአሜሪካና የካናዳ ጡረተኞች ይኖራሉ። ባለፈው ጥር ሄደን አየነው።

ከአውሮፕላን ስንወርድ ጓዳላሃራ ከተማ መግባት እንኳ አላስፈለገንም። ማረፊያው ከከተማው በስተደቡብ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሰዓት ሳይሞላ አሂሂክ የምትባለው ከተማ ገባን። ከፍታው ከ1,500 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከዴንቨር ብዙም አይለይም፣ ከጎንደር ግን 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ጠዋት ሹራብ፣ ቀን ሸሚዝ፣ ማታ እንደገና ሹራብ ነው።

ረቡዕ ገበያቸው ነው። አንድ መንገድ ሙሉ በሙሉ ዳስ በዳስ ይሆናል። አንዲት ሴትዮ የበለስ ቅጠል ስታዘጋጅ ቆሜ አየኋት። እኛ የምናውቀው ፍሬውን ነው። እሷ ቅጠሉን በጨርቅ ይዛ እሾሁን በቢላ ትፍቀዋለች። ዙሪያውን ትከረክመዋለች። ከዚያ በቀጭን በቀጭኑ ቆራርጣ በላስቲክ ቋጥራ ትደረድራለች። እንዲህ ስትሠራ ከደንበኛ ጋር ታወራለች፣ እጇን አታየውም። ቀኑ ጾም ነበር። ከጎኗ ያለችው ሻጭ ያንኑ ቅጠል ጠብሳ፣ ከቦሎቄና ከአቮካዶ ጋር በትኩስ የበቆሎ ቂጣ ጠቅልላ ሰጠችን። ጾመኛ ሰው እዚያ አገር አይራብም፣ ይህን አረጋግጫለሁ።

ማታ ማታ ሐይቁ ዳር የእግር መንገዱ ላይ ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር ይንሸራሸራል። የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የመጡ ነጫጭ ፔሊካኖች ውሃው ላይ ይታያሉ። ባለቤቴ ወዲያው ልቧ ሄደ። የእኔም ሄዷል፣ አልደብቅም።

እህቴ ይህን ስነግራት ቡና እየቆላች ነበር። «ሐይቅ ካማረህ ጎርጎራ አለልህ! ባዕድ አገር ማን ሊቀብርህ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጎርጎራ ከዚህ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በልጅነቴ ደብረ ሲና ማርያምን ለመሳለም ከእናቴ ጋር የሄድኩበት ነው። ነገር ግን ባለቤቴ ስኳርና ግፊት አለባት። ሐኪም ሊርቀን አይገባም።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ቻፓላ ከጥር ውጭ እንዴት ነው? ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት ለጡረተኞች የሚሰጠው የጤና መድን፣ እዚያ ይሠራል? እህቴስ በኢትዮጵያ ፓስፖርት መጥታ ልትጠይቀኝ ትችላለች? ቤት መግዛትስ ያዋጣል?

የአዘዞ ነርስ

ወንድሜ፣ አስቀድሞ ለእናትዎ ነፍስ ይማር። እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ። ዕድሜዬን በነርስነት አሜሪካ ሠርቼ፣ ከባለቤቴ ጋር አሂሂክ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። በመጀመሪያ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ በጥር ባዩት አይወስኑ። የጥር ወር ቻፓላ ለሠርጓ የተኳለች ሙሽራ ናት።

በእነሱ ግንቦት ይምጡና ይዩት። ከዓመቱ ሁሉ የሚሞቀው ያኔ ነው። ተራራው ደርቆ ቡናማ ይሆናል። ገበሬው ማሳውን ሲያቃጥል ጭሱ ይወርዳል። አቧራው ለጉድ ነው። የሰሜን አሜሪካ ሰዎች ብዙዎቹ በዚያ ሰሞን ቤታቸውን ዘግተው ይሄዳሉ። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ዝናቡ ይገባል፣ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዝናቡ እንደ እኛው በክረምት ነው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው የሚጥለው። ነጎድጓዱ ቤት ያናውጣል፣ መብራት ይሄዳል፣ ጠዋት ደግሞ ሁሉ ታጥቦ አረንጓዴ ሆኖ ያገኙታል። እኔ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ወራት የምወደው የለም።

ስለ ቤቱ ልንገርዎ፣ ማንም አስቀድሞ አይናገረውምና። ውሃ ከመንገድ መጥቶ ከመሬት በታች የተሠራ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይወጣል። ጎንደር በፈረቃ ውሃ የኖረ ሰው ይህን ለመልመድ አይቸገርም። ቤት ሊከራዩ ሲሄዱ ክዳኑን ያስከፍቱና ጉድጓዱን ይዩ። ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚይዝ ይጠይቁ። ፓምፑን አስነስተው ድምፁን ይስሙ። የሚጠጣው ውሃ ለብቻው ነው፣ በ20 ሊትር ጋሎን ይገዛል። መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ነው። የእኔ ጉልበት የዘመናት የሆስፒታል ኮሪደር ያደከመው ስለሆነ፣ ቁልቁል ስወርድ ሁልጊዜ ዱላ እይዛለሁ። የባለቤትዎ እግር ደህና ካልሆነ ዳገት ላይ ያለ ቤት አይውሰዱ፣ እይታው የቱንም ያህል ቢያምር።

ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ይህን በደንብ ያስቡበት። የሐኪም ክፍያ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል ቢ የሚባለውን ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው ካቋረጡት፣ ሲመለሱ ላቋረጡበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ይጨመርብዎታል፣ ጭማሪውም ዕድሜ ልክ ነው። እኛ አላቋረጥነውም። ለከባድ ሕመም ወደ አሜሪካ እንመለሳለን፣ ለሌላው ከኪሳችን እንከፍላለን። የሜክሲኮ ማኅበራዊ ዋስትና፣ ኢምስ የሚሉት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ላለው የውጭ ሰው በክፍያ ይከፈታል። ግን ቀድሞ በነበረ በሽታ ላይ ገደብ አለው። የባለቤትዎን ስኳር ይዘው ሄደው አስቀድመው ይጠይቁ። ለቀላሉ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ሐኪም ተቀምጦ ያገኛሉ፣ ዋጋውም አይጎዳም። ለከባዱ ጓዳላሃራ ትላልቅ ሆስፒታሎች አሉ። ከሐይቁ ከተሞች የሚወስደው ዋና መንገድ ግን አንድ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ይታፈናል። ነርስ ስለሆንኩ ይህ መንገድ ነው ሌሊት የሚያሳስበኝ።

ስለ ጸጥታውም መጠየቅ አለብዎት። የአሜሪካ መንግሥት ለሃሊስኮ የጉዞ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ከመሄድዎ በፊት አዲሱን ያንብቡት። እኔ ከከተማ ውጭ ሌሊት አልነዳም።

የእህትዎ ጥያቄ ግን ከሁሉም ይከብዳል። የእኛን ሰው እዚህ አላገኘሁም፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ጎንደር እሁድ ከማለዳው 12 ሰዓት ቅዳሴ ሲገባ፣ እዚህ አሂሂክ ገና ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ነው። መብራት አጥፍቼ በስልክ አስቀድሳለሁ። አባቴ ሲሞት ለቀብር አልደረስኩም፣ የደረስኩት ለአርባው ነው። ከአሜሪካም ቢሆን ያው ነበር፣ ቢያንስ አሜሪካ ግን የሚያስተዛዝን ሰው ቤት ይሞላ ነበር። የአሂሂክ ጎረቤቴ ሴትዮ ለቅሶዬን ሰምታ የሾርባ ድስት ይዛ መጣች፣ አብራኝ አመሸች። ቋንቋዬ ያኔ ደካማ ነበር። ወንድሜ፣ ስፓኒሽ ይማሩ። እንግሊዝኛ ይበቃል የሚልዎትን አይስሙ።

የደምቢያ ልጅ

ጋሼ፣ እኔ ሜክሲኮን አላየሁም። ግን እምቦጭ ነቀላ ላይ ስለሠራሁ ስለ ሐይቆች ማንበብ እወዳለሁ፣ ስለ ቻፓላም አንብቤያለሁ። ጣና በስፋት ቻፓላን ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቻፓላ ጥልቀት የለውም። ውሃውን የሚያመጣለት የሌርማ ወንዝ ነው። ወንዙ በብዙ ፋብሪካና እርሻ በኩል ስለሚያልፍ ቆሻሻውንም ይዞ ይመጣል። ጓዳላሃራ ደግሞ የመጠጥ ውሃዋን አብዛኛውን ከዚሁ ሐይቅ ትቀዳለች። በላይ በኩል ለመስኖ ይወሰዳል፣ በታች በኩል ለከተማ ይሳባል። እ.ኤ.አ. በ2001 እና 2002 ሐይቁ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ በታች ወርዶ ነበር። ዳር የነበረው ቤት ከውሃው ርቆ ቀረ። ስለዚህ «ሐይቅ ዳር» ለሚባል ቤት ተጨማሪ ብር ከመክፈልዎ በፊት የውሃውን መጠን የዓመታት መዝገብ ይዩ። ለሕዝብ ክፍት የሆነ መረጃ ነው።

እምቦጭም እዚያ አለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ንፋሱ ወደ ዳር ሲገፋው ወደቡን ይዘጋዋል። በእኛ በኩል እ.ኤ.አ. በ2011 ነው በጣና ሰሜን ምሥራቅ የታየው፣ ከመገጭ ወንዝ መግቢያ ጀምሮ። በእጅ ነቅለን፣ በማሽን አጭደን፣ ዝናቡ ሲመጣ ተመልሶ ሲበቅል አይተናል። ያ ነገር ያንገበግበኛል።

ስለ ጎርጎራ እህትዎ እውነቷን ነው፣ ቦታው ይጣራል። አዲሱም ሎጅ ብዙ እንግዳ አምጥቶለታል። ለታመመ ሰው ግን የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ያለው ጎንደር ነው፣ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ይህን እያወቅሁ «ይምጡ» ብዬ ልዋሽዎት አልችልም።

የአራዳ ልጅ

ወረቀቱን በተመለከተ። የመኖሪያ ቪዛ የሚጠየቀው ከሜክሲኮ ውጭ ባለ ቆንስላ ነው። ዴንቨር ቆንስላቸው አለ። ወርሃዊ ገቢ ወይም ተቀማጭ ገንዘብ ያሳያሉ፣ የሚጠይቁት መጠን በየዓመቱ ስለሚቀየር የዘንድሮውን ይጠይቁ። ከገቡ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ሄደው ካርድ ማስወጣት ግዴታ ነው። መጀመሪያ 1 ዓመት ይሰጣሉ፣ እስከ 4 ዓመት ይታደሳል፣ ከዚያ ቋሚ ይሆናል።

ቤት፦ የውጭ ሰው ከባሕር 50፣ ከድንበር 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ በስሙ መሬት መያዝ አይችልም፣ በባንክ በኩል ነው። ቻፓላ ከዚያ ክልል ውጭ ስለሆነ በስምዎ ይገዛሉ። ግን ኤሂዶ የሚሉት የጋራ የገበሬ መሬት አለ። ርካሽ ነው ብለው እንዳይነኩት። ኖታሪዮ የሚባለው የውል ሕግ ባለሙያ ሳያጣራው ቀብድ አይክፈሉ።

እህትዎ ቪዛ ያስፈልጋታል፣ ኤምባሲያቸው አዲስ አበባ ነው። የአሜሪካ ቪዛ በፓስፖርቷ ካለ ግን በዚያው መግባት ትችላለች። በነገራችን ላይ ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። እኛ ሜክሲኮ አደባባይ አለን፣ እነሱም ዋና ከተማቸው ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አላቸው። ሲሄዱ ቆመው ይዩት።

የቀሃው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የነርሷን ስትሰማ ዝም አለች፣ ከዚያ «እንግዲያው ሞክሩት፣ ግን ቤት አትግዙ» አለች። እኛም እንደዚያው ወስነናል። በእነሱ ግንቦት ሄደን፣ ዝናቡ እስኪያባራ በኪራይ እንቀመጣለን። ኦሮራ ያለውን ቤት ለጊዜው አንለቅም። ክፍል ቢም አይቋረጥም። እትዬ ነርስ፣ ባለቤቴ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላለች፦ በርበሬ እዚያ ምን ታደርጋላችሁ?

የአዘዞ ነርስ

ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ይያዙ፣ በርበሬ መሸከም አያስፈልግዎትም። የረቡዕ ገበያ ላይ ጓሂዮ የሚባል ረጅም ደረቅ ቀይ ቃሪያ አለ፣ ቀለሙ የእኛው ነው። ብዙም ስለማያቃጥል ጥቂት አርቦል የሚባለውን ቀጭን ይጨምሩበት። ዘሩን አራግፋችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ፣ ገበያው አጠገብ ያለው ወፍጮ ቤት በኪሎ ይፈጭላችኋል። ከበቆሎው ቀድመው እንዲፈጩላችሁ በጠዋት ሂዱ።