አስቸኳይ፦ የተከፈተ ፋይል የሚቀዳ ባክአፕ ጠቁሙኝ

ሌሊት ተረኛ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጠዋት የባክአፑን ሎግ ስከፍት ቀይ በቀይ ነው። ኤረር 32፣ ፋይሉን ሌላ ፕሮሰስ ይዞታል ይላል። የዳታቤዙ ፋይልም የአለቃዬ አውትሉክም አልተቀዱም። ሰርቪሱ አይቆምም፣ 24 ሰዓት ሰው አለበት። ዲስኩ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ጠቅ ጠቅ ይላል። የቱን ሶፍትዌር ልግዛ? ቶሎ በሉልኝ ባካችሁ።

ኬብል ጎታች፦ ሰርቪሱን አቁመህ ቅዳ። አለቀ።

ሌሊት ተረኛ፦ አይቆምም አልኩ እኮ። ደግሞ ሴት ነኝ።

መምህር ባይት፦ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ። ሪስቶር ተደርጎ፣ ማለት ከቅጂው ተመልሶ፣ ያልታየ ባክአፕ ደግሞ ባክአፕ አይባልም። በቴፕ ዘመን እኛ...

ሳቂታው፦ መምህር፣ ቤቱ እየነደደ ስለ ጉድጓድ አቆፋፈር? ዲስክ ጠቅ ጠቅ ካለ ቻው እያለ ነው።

አባ ስክሪፕት፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ምንድነው? ዳታቤዙስ? በምንድነው የምትቀጂው?

ሌሊት ተረኛ፦ ይቅርታ፣ ረስቼው ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ። የሚቀዳው በሮቦኮፒ፣ በዊንዶውሱ የፋይል መቅጃ ትእዛዝ፣ በተጻፈ ስክሪፕት ነው። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ትቶት ሄደ።

ኬብል ጎታች፦ ሮቦኮፒው ትእዛዝ ላይ ስላሽ ቢ (/B) ጨምሪበት።

አባ ስክሪፕት፦ ስላሽ ቢ ፈቃድ የሌለሽን ፋይል ያስነብብሻል እንጂ የተቆለፈውን አይከፍትም።

ዳታቤዝ ወዳጅ፦ ለምን ትገዣለሽ? ኤስኪውኤል ሰርቨር እኮ ሥራውን ሳያቆም ራሱ ባክአፕ ያወጣል። ኤምዲኤፉን፣ ዋናውን የዳታቤዝ ፋይል፣ አትንኪው። «ባክአፕ ዳታቤዝ» የሚለውን ትእዛዝ ስጪው፣ መድረሻውን ጤነኛ ዲስክ አድርጊ። አሁኑኑ! የሶፍትዌሩ ወሬ ይደርሳል። ኤክስፕረስ ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረው ኤጀንት ስለሌለው ለየሌሊቱ በዊንዶውሱ ታስክ ስኬጁለር ታስይዥዋለሽ።

ሌሊት ተረኛ፦ ሞከርኩ። ኤረር 3፣ መንገዱ አልተገኘም አለኝ። ዜድ ድራይቭ እኮ ፊቴ ላይ ተከፍቶ ቁጭ ብሏል!

ዳታቤዝ ወዳጅ፦ ዜድን ከኔትወርኩ ፎልደር ጋር ያገናኘሽው (ማፕ ያደረግሽው) አንቺ ነሽ፣ የሚታየውም ላንቺ ነው። ፋይሉን የሚጽፈው ግን የሰርቪሱ አካውንት ነው። በድራይቭ ፊደሉ ፈንታ የኔትወርኩን ሙሉ አድራሻ ጻፊ። ፎልደሩ ላይም ለዚያ አካውንት የመጻፍ ፈቃድ ስጪው፣ አለዚያ ቀጥሎ ኤረር 5 ነው የሚመጣብሽ።

አባ ስክሪፕት፦ ለአውትሉኩና ለሌላው ፋይል ቪኤስኤስ የሚጠቀም ባክአፕ ያዢ። ዊንዶውስ ከኤክስፒና ከሰርቨር 2003 ጀምሮ አለው። የዲስኩን የዚያች ቅጽበት ፎቶ ያነሳል፣ ባክአፑ የሚያነበው ፎቶውን ነው። ከዚያ በፊት «ራይተር» የተባሉትን የየፕሮግራሙን ተወካዮች፣ ለምሳሌ የኤስኪውኤሉን፣ መጻፍ ለአፍታ አቁሙ ይላቸዋል። ራይተር የሌለው ፕሮግራም ግን፣ እንደ አውትሉክ ያለው፣ መብራት ድንገት እንደጠፋበት ሆኖ ነው የሚቀዳው። ብዙ ጊዜ ይከፈታል፣ ዋስትና ግን የለውም። ሻጩን ይህን ጠይቂው፦ ራይተሮቹን ያነጋግራል ወይስ ዝም ብሎ ፎቶ ያነሳል? ለጊዜው ዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ ይበቃሻል። አብሮ ይመጣል፣ ከፊቸሮቹ ውስጥ ኢንስቶል ማድረግ ብቻ ነው። በፊት ግን «ቪኤስኤስአድሚን ሊስት ራይተርስ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተሽ የራይተሮቹን ዝርዝር እዪ።

ሌሊት ተረኛ፦ አየሁ። ብዙ ስም አለ፣ ሁሉም ስቴብል ነው። ኤስኪውኤል ግን የለበትም።

አባ ስክሪፕት፦ ሰርቪሶቹ ውስጥ ኤስኪውኤል ሰርቨር ቪኤስኤስ ራይተር የሚል አለ። ቆሞ ይሆናል፣ አስነሺው። ዋናው ዳታቤዝ አይነካም።

መምህር ባይት፦ ከዚያ ሪስቶር አድርገሽ እዪ። ሌላ ማሽን ላይ!

ሳቂታው፦ ይቺን እንኳ ልክ ነዎት።

ሌሊት ተረኛ፦ ወጣ!!! ዳታቤዙ ወጣ። ራይተሩም ዝርዝሩ ላይ መጣ። ተባረኩ። አሁን ወደ አውትሉኩ ልሂድ። ዲስኩም ዝም አለ።

ሳቂታው፦ ዝም አለ ስትይ... ተሻለው ወይስ?

ዳታቤዝ ወዳጅ፦ ሌሊት ተረኛ? አለሽ?

ኬብል ጎታች፦ ሰርቪሱን ያኔ ብታቆሚው እኮ ይሄኔ ጨርሰሽ ነበር።