የሄንሰን ፎቶዎች ፕሮጀክት፦ የጋራ ሐሳቡን እዚህ እንጨርሰው

ሰብሳቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በተስማማነው መሠረት የማቲው ሄንሰንን ምስሎች የመለየቱን ፕሮፖዛል እዚሁ እንቅረጽ። አዲስ ለገባችሁ ባጭሩ፦ ሄንሰን በ1866 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የተወለደ ጥቁር አሳሽ ነው። ከ1891 እስከ 1909 ከአሜሪካዊው አሳሽ ሮበርት ፒሪ ጋር አርክቲክን ተመላልሷል። ኤፕሪል 1909 ፒሪ «ሰሜን ዋልታ ነው» ባለው ቦታ ከቆሙት ስድስት ሰዎች አንዱም እሱ ነው። እኛ እጅ ባሉት ፖስትካርዶችና የአልበም ፎቶዎች ላይ ግን መግለጫው አብዛኛውን ጊዜ ፒሪን ጠርቶ ያቆማል። ሥራችን ሄንሰንን ከነዚህ ምስሎች ውስጥ ፈልጎ ማውጣት ነው። ሐሳብ ስጡ፤ ግን «እሱ ይመስለኛል» ብቻ ሳይሆን በምን እንደምትለዩትም ጨምሩበት።

ፎቶ ጠጋኙ፦
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። እኔ አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ይግባልኝ። «ፊቱ ጠቆር ያለው ሄንሰን ነው» ብሎ መለየት ክልክል ይሁን። የምሬን ነው። የዚያን ዘመን የመስታወት ፕሌትና ፊልም ሰማያዊ ብርሃንን በደንብ ይይዛል፣ ቀዩን ግን እምብዛም አያየውም፤ ስለዚህ በፀሐይና በብርድ የተቃጠለ ቀይ ፊት ሲታተም ጠቁሮ ይወጣል። በረዶው ደግሞ ያንጸባርቃል። ካሜራ የያዘው ሰው ለበረዶው ብሎ ብርሃን ሲቀንስ፣ ኮፍያ ውስጥ ያለ ፊት ጭራሽ ጥላ ይሆናል። በዚያ ላይ ለሳምንታት ምድጃ አጠገብ የኖረ ሰው ጥቀርሻ አያጣውም። ፒሪም ሆነ የመርከቡ አዛዥ ካፒቴን ባርትሌት ፎቶ ላይ ከሚገባው በላይ ጠቁረው ሊታዩ ይችላሉ። ልብሱም አይረዳንም፤ የኢኑግዊት (የሰሜን ግሪንላንድ ነባር ሕዝብ) ሴቶች የሰፉትን ባለጸጉር ቆዳ ሁሉም ለብሰውታል።

ታዲያ በምን እንለይ? ጆሮ ከሰው ሰው ቅርጹ ስለሚለያይ ጥሩ ምልክት ነበር፣ ኮፍያው ሸፈነው እንጂ። ስለዚህ ማንነቱ የማያጠራጥርባቸውን ምስሎች አስቀድመን እንሰብስብ። ከጉዞው በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ የተነሳቸው አሉ። በ1954 ዋይት ሀውስ ሄዶ ከፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጋር የተነሳውም አለ። ከነዚያ የቅንድቡን አጥንት፣ የአፍንጫውን ድልድይ፣ በዓይኖቹ መካከል ያለውን ርቀት እንውሰድ። ሪዙን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም፣ ሰው ሪዙን ይላጫል።

ፖስትካርድ ሰብሳቢው፦
ልጄ፣ ተባረክ። እኔ ደግሞ ፊቱን ከማየታችሁ በፊት ካርዱን ገልብጡት እላለሁ። የአሜሪካ ፖስትካርድ ጀርባው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለመልእክት ግማሹ ለአድራሻ የሆነው ከማርች 1 ቀን 1907 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ነበር፤ ሰው መልእክቱን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ይሞነጫጭር ነበር። ጀርባው ያልተከፈለ የአሜሪካ ካርድ ይዞ «የ1909ኙ ጉዞ ነው» የሚል ሰው ከመጣ ቆም እንበል። ምናልባት ከ1905 እስከ 1906 ከተደረገው ጉዞ ይሆናል፣ ሄንሰን እዚያም ነበር።

በፎቶ ወረቀት ላይ በቀጥታ የታጠበ ካርድ ከሆነ ቴምብር የሚለጠፍባትን ሳጥን በአጉሊ መነጽር እዩ። «ኤዞ» የሚባለው ወረቀት በአራቱ ማዕዘን ትንንሽ ባለሦስት ማዕዘን ምልክቶች አሉት። አራቱም ወደ ላይ ከጠቆሙ ወረቀቱ ከ1904 እስከ 1918 ገደማ የተሠራ ነው። ሁለቱ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ምስሉ የቆየ ቢሆንም ካርዱ ድጋሚ የታተመ ነው ማለት ነው። የፖስታ ማህተሙ የሚነግረን ደግሞ የኋለኛውን ወሰን ብቻ ነው። በ1912 የተላከ ካርድ ላይ ያለ ፎቶ ከ1912 በኋላ አልተነሳም፤ መቼ እንደተነሳ ግን ማህተሙ አያውቅም።

አንድ ልጨምር። ምስሉ በአጉሊ መነጽር ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። እዚያ ላይ የአፍንጫ ድልድይ አትለኩ። በእጅ ቀለም የተቀባ ከሆነማ የምታዩት ቅንድብ የቀቢው ሊሆን ይችላል።

ወጣቷ አባል፦
ጋሼ፣ የቴምብሯን ሳጥን ነገር ዛሬ ገና ሰማሁ፣ እናመሰግናለን! እኔን የከነከነኝ የፕሮጀክቱ ስም ነው። ለምን ሄንሰን ብቻ? አምስት ሰዎች ባንዲራ ይዘው የቆሙበትን ፎቶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ፒሪ ያነሳውን። ከግራ ወደ ቀኝ ኡኩዌያ፣ ኡታ፣ ሄንሰን፣ ኤጊንግዋ፣ ሲግሉ ናቸው። ፒሪ ራሱ ማን የቱን እንደያዘ ጽፎታል፤ ኡኩዌያ የባሕር ኃይል ሊግን፣ ኡታ የፒሪን የኮሌጅ ማኅበር፣ ሄንሰን የዋልታውን ባንዲራ፣ ሲግሉ ቀይ መስቀልን። ኤጊንግዋ የያዘው የአሜሪካ አብዮት ልጆች የተባለውን የሴቶች ማኅበር የሰላም ባንዲራ ነው። ከሄንሰን ጋር የቆሙትን አራቱን ኢኑግዊቶች «ኤስኪሞዎች» ብሎ ያለፈ መግለጫ ሄንሰን ላይ የተሠራውን ነው እነሱም ላይ የሠራው። እኛ መድገም የለብንም።

ደግሞ አስቡት፣ ኔጋቲቩ ተገልብጦ ከታተመ ሄንሰን መሃል ስለሆነ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ስለዚህ ማንም አያስተውልም። የአራቱ ስም ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀያየራል። እያንዳንዱን ቅጂ የባንዲራዎቹን ተራ እያየን ማመሳከር አለብን። ፎቶዎቹን ግሪንላንድ፣ ቃናቅ ላሉ ሰዎች መላክም በዕቅዱ ይግባ። ሄንሰን ቋንቋቸውን አቀላጥፎ ይናገር ነበር፣ ልጁ አናውካቅም ያደገው እነሱ ዘንድ ነው። የአያቶቻቸውን ፊት ከኛ የተሻለ ያውቁታል።

ጸሐፊው፦
የእህታችን ሐሳብ ይግባ፣ እኔ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ፊት የሚለይ ሶፍትዌር እንጠቀም ያላችሁኝ ሰዎች ነበራችሁ። ይጠቁመን፣ አይወስንልን። ከነጠብጣብ ህትመት ላይ ያገኘውን ፊት «ዘጠና በመቶ» ቢለን ያ ቁጥር ማስረጃ ሆኖ መዝገብ እንዳይገባ።

የሰው ፊት ሲያስቸግር መሬቱን እንይ። አሳሹ ፍሬድሪክ ኩክ በ1906 አላስካ ውስጥ ማኪንሊን፣ ዴናሊም የሚባለውን ተራራ፣ ወጣሁ ብሎ የጫፉን ፎቶ አሳተመ። በ1910 ቤልሞር ብራውንና ኸርሸል ፓርከር ቦታው ድረስ ሄደው ያንኑ ድንጋይ ፈልገው አገኙት፤ ከዋናው ጫፍ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ ትንሽ ጉብታ ነበር። ያጋለጠው የድንጋዩ ስንጥቅና ከኋላ ያለው የተራራ መስመር ነው። እኛም «ሩዝቬልት» የምትባለውን የፒሪን መርከብ ገመድና ምሰሶ፣ የባሕሩን ዳርቻ፣ የስሌጁን ቅርጽ እናነጻጽር። ፎቶው የት እንደተነሳ ካወቅን እዚያ ያልነበሩት ሰዎች ከዝርዝሩ ይወጣሉ።

ፎቶ ጠጋኙ፦
ተስማምቻለሁ፣ ግን ስንጽፍ ደረጃ ይኑረው። «ተረጋግጧል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ሊሆን ይችላል»። ሁለት ሰው እርስ በርስ ሳይተያዩ ይፈርዱና ካልተስማሙ ዝቅተኛውን ደረጃ እንውሰድ። ምክንያቱ ከስሙ ጎን ይጻፍ።

ፖስትካርድ ሰብሳቢው፦
«ሊሆን ይችላል» ያልነው ካርድ ለሽያጭ ማስታወቂያ ሲወጣ «ሄንሰን ነው» ይሆናል፣ ይሄን ገበያ አውቀዋለሁ። ደረጃውን ከምስሉ ጋር አንድ ፋይል ላይ አስሩት።

ሰብሳቢዋ፦
ጥሩ፣ የሚከተለውን እንዳለ ልጽፈው ነው፦ «ማኅበሩ በፒሪ ጉዞዎች ምስሎች ላይ የሚታዩትን ማቲው ሄንሰንን፣ ኡታን፣ ኤጊንግዋን፣ ሲግሉንና ኡኩዌያን ይለያል። በቆዳ ቀለም ወይም በልብስ ብቻ ማንንም አይሰይምም። እያንዳንዱ ስም ከነማስረጃውና ከነእርግጠኝነቱ ደረጃ ይመዘገባል።» የዋልታውን ጉዳይ በተመለከተ «ፒሪ ዋልታ ነው ባለው በካምፕ ጄሱፕ» እንላለን፤ በትክክል ደርሰው እንደሆነ ዛሬም ስለሚያከራክር እኛ በመግለጫ አንፈርድም።

ጋሼ የካርዶቹን ጀርባ መመሪያ ይጻፉልን። ፎቶ ጠጋኛችን ማመሳከሪያ ምስሎቹን ይሰብስብ፣ የፒሪ ቤተሰብ ስብስብ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ መዛግብት ዘንድ ስለሆነ ከዚያ ጀምር። እህቴ፣ ለቃናቅ የሚላከውን ደብዳቤ አንቺ ረቂቂው። ፊትና ጀርባ ያልተነሳ ስካን ግን ከማንም አልቀበልም።