ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ከአማተር ጋር በዓለም አቀፍ ውድድር ቢገጥም ትክክል ነው?

የፒያሳዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ ወንድሜ ሃያ ዓመቱ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ቦክስ ይሠለጥናል፤ የሚገጥመው በ57 ኪሎ ነው። ሲነጋጋ መስቀል አደባባይ ይሮጣል፣ ቀን ሥራ ይውላል፣ ማታ ጓንቱን ያጠልቃል። ሰሞኑን አሰልጣኙ «በዚሁ ከቀጠልክ ለውጭ ውድድር ትታጫለህ» ብሎት ቤታችን በደስታ ተሞልቶ ነው የከረመው።

እኔ ግን ስለ ውጭ ውድድር ሳነብ ፕሮፌሽናሎችም ኦሎምፒክ እንደሚገቡ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እንጀራው ቦክስ የሆነ፣ ሰው መጣል ሥራው የሆነ ሰው ከወንድሜ ጋር አንድ ሪንግ ላይ ሊቆም ነው? ለእናታችን አልነገርኳትም። ስለ ቦክስ የምታውቁ ሰዎች፣ ይሄ ነገር ፍትሐዊ ነው? ልከልክለው ወይስ ዝም ልበል?

ሪንግ ዳር

እህት፣ አይዞሽ። ፕሮፌሽናሎች ኦሎምፒክ እንዲገቡ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016 ከሪዮ ኦሎምፒክ በፊት ነው። ዓለም አቀፉ የአማተር ቦክስ ማኅበር አይባ ሎዛን ላይ ተሰብስቦ ከ88 ድምፅ 84ቱ ደገፈው፣ የቀሩት አራቱ ድምፅ አልሰጡም። ያኔ ብዙ ሰው «አማተሮቹ ያልቁላችኋል» ብሎ ጮኾ ነበር።

ሪዮ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። የገቡት ሦስት ፕሮፌሽናሎች ብቻ ነበሩ፤ የካሜሩኑ ሀሰን ንዳም፣ የታይላንዱ አምናት ሩንሮንግ እና የጣሊያኑ ካርሚኔ ቶማሶኔ። ንዳም በመካከለኛ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያ ግጥሚያው ላይ በአንድ ብራዚላዊ አማተር በነጥብ ተሸንፎ ወጣ። አምናትም የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ እሱን አንድ ፈረንሳዊ አማተር ሦስተኛው ዙር ላይ አስቆመው። ቶማሶኔን ደግሞ ኩባዊ መለሰው። ሦስቱም ያለ ሜዳሊያ። አማተሮች እንደምናስባቸው ደካሞች አይደሉም።

ለገሃር 57

እኔ በጭራሽ አልቀበለውም። የደኅንነቱን ነገር ለሚያውቁት ልተወውና ስለ ቦታው ልናገር። አንድ አማተር ለኦሎምፒክ አራት ዓመት ይለፋል። ደሞዝ የለው፣ ስፖንሰር የለው። ሚዛን ለመጠበቅ በዓል ሲመጣ ዶሮ ወጡን እያየ ያልፋል። ከዚያ ማጣሪያው ላይ ቀበቶም ገንዘብም ያለው ሰው መጥቶ ቦታውን ይወስድበታል። ፕሮፌሽናሉ ቢሸነፍ ወደ ሥራው ይመለሳል። አማተሩ የት ይመለሳል? የፕሮፌሽናል ቦክስ ድርጅቱ የደብሊውቢሲ ፕሬዝዳንት ማውሪሲዮ ሱላይማንም ያኔ በግልጽ ተቃውሞታል።

የአራት ኪሎው ጋሼ

እህቴ፣ ስጋትሽ የሚገባ ስጋት ነው። እኔ ወጣትነቴን ሪንግ ላይ ነው የጨረስኩት፣ አሁን ማታ ማታ ልጆች አሠለጥናለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ፕሮፌሽናል ከአማተር ጋር መግጠሙን በጅምላ አልቃወምም። የምቃወመው ብዙ የገጠመን ሰው ጥቂት ከገጠመ ልጅ ጋር ማሰለፍን ነው። ተጋጣሚው ይከፈለው አይከፈለው ቡጢው ለሚያርፍበት ፊት ምንም ለውጥ የለውም።

ባለፈው ክረምት ሁለት ልጆች ሚዛን ላይ አቆምን። እኩል ስልሳ ስልሳ ኪሎ። አንዱ ለክለብ ዓመታት የገጠመ ነው፣ ሌላው ጓንት ካጠለቀ ብዙም አልቆየ። «ቀስ ብላችሁ» ብለን ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) አስገባናቸው። አዲሱ ልጅ ቡጢ በመጣ ቁጥር ዐይኑን ይጨፍናል። አገጩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ነባሩ ደግሞ የአዲሱን እጅ አያይም፣ ትከሻውን ነው የሚያየው። ትከሻው ገና ሲነቃነቅ ቡጢው በየት እንደሚመጣ ገብቶታል። ቦክስ ላይ ሰውን የሚጥለው ያላየው ቡጢ ነው። አንድ ዙር ሳይሞላ አስቆምናቸው። ሚዛኑ እኩል ናችሁ ብሎ ነበር እኮ!

ዐይን መጨፈን በምክር አይለቅም። የሚለቀው በግጥሚያ ብዛት ነው፣ ያውም ከእኩያ ጋር በተደረገ ግጥሚያ።

ሪንግ ዳር ያነሳው የሪዮው ነገር እውነት ነው፣ ምክንያት ግን አለው። የዓለም ሻምፒዮንነት ግጥሚያ አሥራ ሁለት ዙር ነው። ፕሮፌሽናሉ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ተጋጣሚውን ሲያጠና ያሳልፋል። ኦሎምፒክ ላይ ያለው ሦስት ዙር፣ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ ሲያጠና ያልቅበታል። ፕሮፌሽናል ሚዛን የሚወጣው በዋዜማው ነው፣ ከዚያ በልቶ ጠጥቶ አድሮ ይገባል። ኦሎምፒክ ላይ በገጠምክበት ቀን ሁሉ ጠዋት ሚዛን አለ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ልትገጥም ትችላለህ። ያ የአማተር ሕይወት ነው፣ የለመደው ያሸንፍበታል።

አሁን ሌላውን ገጽ እዪ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሩሲያ ውስጥ የካተሪንበርግ በምትባል ከተማ የዓለም ሻምፒዮና ነበር። የኡዝቤኪስታኑ ባኮዲር ጃሎሎቭ በፕሮፌሽናል የገጠማቸውን ሁሉ በዝረራ እያሸነፈ መጥቶ ከአሜሪካዊው አማተር ሪቻርድ ቶሬስ ጋር ተገናኘ። በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ቶሬስ በቃሬዛ ወጥቶ ሆስፒታል ገባ። ያን ቪዲዮ ለልጆቼ አላሳይም። ደግሞ ጃሎሎቭን አደገኛ ያደረገው የፕሮፌሽናል ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ ሪዮ ላይ በአማተርነት ገጥሞ የነበረ፣ የበሰለ ሰው ነው። ሁለቱ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ እንደገና ተገናኙ። ቶሬስ ያን ጊዜ እስከ መጨረሻው ቆሞ ተፋለመ፣ በነጥብ ተሸንፎ ብር ወሰደ። የዚያን ልጅ ወኔ አከብራለሁ።

«አማተር» የሚለው ቃልም አያጽናናሽ። ኩባዊው ቴዎፊሎ ስቲቨንሰን በ1972፣ በ1976 እና በ1980 የከባድ ሚዛን ወርቅ ሲወስድ አማተር ነበር። ዩክሬናዊው ሎማቼንኮ አማተር ሳለ 396 አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፈው። ፕሮፌሽናል ሆኖ ሦስተኛ ግጥሚያው ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ያለ «አማተር» ወንድምሽ ፊት ቢቆም በሰላም ትተኚያለሽ? የኛ ልጆች ችግር እዚህ ላይ ነው። ውጭ የሚሄዱት የአገር ውስጥ ግጥሚያ ሳይጠግቡ ነው። እዚያ የሚጠብቃቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ከአገር አገር ሲዞር የገጠመ ልጅ ነው። በዚህ በጣም ነው የምቆጨው።

ለገሃር 57 ስለ ቦታው ያነሳው ትክክል ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

ነርስ ነኝ

በሙያዬ ትንሽ ልጨምር። ብዙ ሰው «ሄልሜት ካለ ችግር የለም» ይላል። ወንዶች ሪዮ ላይ የገጠሙት ያለ ሄልሜት ነው፣ አይባ ከ2013 ጀምሮ አንስቶት ነበር። ሄልሜት የሚከላከለው ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲዞር አእምሮ ውስጥ ለውስጥ መናጡን አያስቆምም።

በቀድሞው የአይባ ደንብ በዝረራ የወደቀ ልጅ ቢያንስ 30 ቀን አይገጥምም፣ ስፓሪንግም አይገባም ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ሁለቴ ከሆነ ሦስት ወር ያርፍ ነበር። ይህን ልጁም ቤተሰቡም ማወቅ አለበት። ራሴን አመመኝ፣ ብርሃን አስጠላኝ፣ ማስመለስ ካለ ደግሞ «ይለቀዋል» ብሎ ማሳደር የለም። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

የፒያሳዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድሜን ስጠይቀው እስካሁን 11 ጊዜ ነው የገጠመው አለኝ። 8 አሸንፏል። ዐይኑን ይጨፍን እንደሆነ ግን አላውቅም። አሰልጣኙን ባናግረው ይቀየመኝ ይሆን?

የአራት ኪሎው ጋሼ

አይቀየምሽም ልጄ፣ ደህና አሰልጣኝ ከሆነ ደስ ይለዋል። ወንድምሽን አትከልክዪው፤ በ11 ግጥሚያ 8 ማሸነፍ ቀላል አይደለም። ግን 11 ለውጭ አገር ገና ነው። አሰልጣኙን ሦስት ነገር ጠይቂው። ከመሄዱ በፊት እዚህ ስንት ተጨማሪ ግጥሚያ ያገኛል? ውድድሩ ላይ በሱ ኪሎ የሚመጡት ስንት የገጠሙ ናቸው? ከአቅሙ በላይ ከሆነ ፎጣ ወርውሮ ግጥሚያውን ለማስቆም ማን ነው ጥጉ ላይ የሚቆመው? ሦስተኛውን ሳያመነታ ከመለሰልሽ ልጁን አምነሽ ስጪው።

ዐይኑን ለማየት ደግሞ አንድ ማታ ስፓሪንግ ሲገባ ሄደሽ ከጥጉ አጠገብ ቁሚ። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ። ከሌላ ሰው ከምትሰማ እዚያው ብታየው ይሻላል።